ሦስት ሺህ ዓመት ያልኩት እኔ አይደለሁም

ጡረታ በወጣሁበት ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ በመጨረሻም በመስታወት ክፈፍ የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበው። «ሦስት ሺህ ዓመት ያስቆጠረችውን ጥንታዊት ከተማ ዕድሜ በአርኪዮሎጂ አረጋግጠው ለአካባቢያችን ያበረከቱ ባለሙያ» ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጋቢዬን ይዤ እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፋሁ። ምን ላድርግ? ኬኩ ተቆርሷል።

ሦስት ሺህ ዓመት ብዬ አላውቅም። በሃያ ሰባት ዓመት የቅርስ ሥራዬ ይህን ቁጥር በአፌም በብዕሬም አውጥቼው አላውቅም። እንዲያውም የሥራ ዘመኔ ግማሹ ያለቀው ይህን የመሰለ ቁጥር ከሪፖርቴ ላይ እንዲያነሡልኝ ሰው ስለምን ነው። ወረቀቱ አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። የሰቀለችው ባለቤቴ ናት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነብለታለች፣ እኔ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ላወርደው ብነሣ «ሰው ያከበረህን አንተ ልታዋርድ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የሆነውን ከሥሩ ልጽፈው ተቀመጥኩ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ገና የምፈልገው ደብዳቤ አለኝ።

የተወለድኩት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው። ፈረስ ቤት ላይ ሰባት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ከየማሳችሁ ያገኛችሁትን ገል ይዛችሁ ኑ ብዬ አዘዝኳቸው። ክፍሉ በስባሪ ሸክላ ሞላ፤ ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን ቆሻሻ መጣያ አደረግኸው ብሎ ተቆጣ። በዓመቱ ፍኖተ ሰላም ላይ የቅርስ ባለሙያ የሚባል መደብ ሲከፈት ስሜን ያስተላለፈው እሱው ነው፤ ከኔና ከገሌ ለመገላገል ይመስለኛል። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የሚወራ አልነበረም። መኪና አልነበረንም። ጠረጴዛ ነበረን፣ ለሦስት ሰው አንድ።

በዚያ ጠረጴዛ ሳለሁ ስምንት ኃላፊዎች አለፉብኝ። አንዱ ከእርሻ የመጣ፣ አንዱ ከስፖርት፣ አንዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እስኪሄድ ድረስ ያልተነገረን። ክፉዎች አልነበሩም። ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ስንት ዓመቱ ነው? የተጠረበ ድንጋይ ባሳያቸው፣ ስንት ዓመቱ ነው? ብራና ባሳያቸው፣ ስንት ዓመቱ ነው? ገና አልታወቀም ስል ፊታቸው ይጠቁራል፤ ጎረቤት ወረዳ ሁለት ሺህ ማለቱ ይነገረኛል። ዕድሜ በጨረታ የሚወጣ ይመስል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ እኛና የአዊ ተወላጆች ተጋብተን ተዋልደን በምንኖርበት አገር፣ አንድ ኮረብታ ነበር። ቤት የለበትም፤ ገብስ ይዘራበታል። ሰዉ ግን «ከተማው» ነው የሚለው። «በሬዎቹ ከተማው ላይ ናቸው» ሲሉ እንግዳ ሰው ይስቃል። ማረሻ ገል ያወጣል፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የግንብ ጥግ የሚመስል ድንጋይ ያጋልጣል።

የዛሬ ሰው ከተማ ሲል ፎቅና አስፋልት ነው የሚታየው። በድሮው አነጋገር ግን ከተማ ማለት ንጉሥ ወይም መስፍን ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሚከትምበት ቦታ ነው። አንድ ክረምት ከርሞ ነቅሎ ይሄዳል፤ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነበር። «ከተማው» የአንድ ክረምት ሰፈር ነው፣ ወይስ ትውልድ በትውልድ ላይ የኖረበት እውነተኛ ከተማ? ከተማ ከሆነስ የመጀመሪያው ሰው መቼ ምድጃ ጎለተበት?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በወሬ እንደማይመለስ ያስተማሩኝ ጋሽ መንግሥቴ ናቸው። ጋሽ መንግሥቴ ዶክተር አልነበሩም፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም። በወጣትነታቸው በሰሜን በኩል ከተመራማሪዎች ጋር አፈር ሲቆፍሩ ኖረው የቁፋሮ ፎርማን የሆኑ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ዱርቤቴ ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠው ሳለ ወሬያቸውን ሰምቼ በሚኒባስ ሄድኩ። እህል ተራ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የገበያውን ሰው ሲያዩ አገኘኋቸው። ሥራዬን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዓመት ትጠራለህ?» ብለው ነው። አልገባኝም። «ዓመት የሚጠራ ሰው ከሆንክ አልመጣም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል፣ በጋ በጋውን፣ አብረን ሠራን። ጋሽ መንግሥቴ ለማንኛውም ነገር አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ምን ከምን በላይ ነው? ግድግዳው ከአመዱ በላይ ነው ወይስ በታች? አመዱ ወለሉን ረግጦ ነው ወይስ ወለሉ አመዱን? «በፊትና በኋላ ብቻ በል፤ ዓመቱን ቤተ ሙከራ ያለው ሰው ይበለው» ይሉኝ ነበር። ይህ ልማድ ከሥራ አልፎ ኑሯቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው የሙሽራውን አጎት ካፖርት ሲያዩ ቆዩና «ሸሚዙ ከካፖርቱ በኋላ የተገዛ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ማሳውን ይዞራሉ፤ ጥላ የተቀበረ ግንብ ያሳያል ይላሉ። ገብሱ ሳይደርስ ቀድሞ ቢጫ የሆነበት መስመር ካለ ከሥሩ ድንጋይ አለ፤ ሥሩ እርጥበት አጥቶ ነው። ስያሜ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፣ የብዕር ቀለም ይፈስሳልና። ከሰል ሲያገኙ በእጃቸው አይነኩትም፤ በማንኪያ ጫፍ አንሥተው በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀልሉታል፣ አጠገባቸው ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ከጉድጓዱ ያባርሩታል። ሥራ ሲያልቅ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ከኪሳቸው የዘመኑን ሳንቲም አውጥተው ከሥሩ ይጥላሉ። «ነገ የሚቆፍር ሰው እኛ እዚህ ድረስ እንደደረስን ይወቅ» ይላሉ። ይህን ሲያደርጉ ቆባቸውን ያወልቁ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄአቸው አላውቅም።

ከሁሉም በላይ ግን ውሃ ነበር። የቁፋሮውን ግድግዳ ቀጥ አድርገው በቱንቢ ካስተካከሉ በኋላ ውሃ ያርከፈክፉበታል። ከዚያ ተቀምጠው ሲደርቅ ያያሉ። አንዳንዴ ከሰዓት በሙሉ። ያልተነካ አፈርና ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር አብረው ቢረጥቡም አብረው አይደርቁም። ደረቅ ግድግዳ ላይ የማይታይ የድሮ ጉድጓድ ሲደርቅ ጠርዙ እንደ እድፍ ብቅ ይላል። ውሃው በአህያ ከወንዝ ስለሚመጣ ሠራተኞቹ ያጉረመርማሉ። እኔም በሆዴ አጉረመርም ነበር፤ አሁን ልዋሽ አልችልም።

በአምስተኛው ዓመት መንገድ ሊሠራ መጣ። ደስ ብሎን ነበር። ቀጥሎ ግን የመንገዱ ተቋራጭ ለጠጠር የሚሆን ድንጋይ ያለበትን ኮረብታ ሲፈልግ «ከተማው» ላይ ቀለም ቀባ። ደብዳቤ ተጻጻፍን። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው፤ ቦታው ጥንታዊ ከተማ ለመሆኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይንሳዊ ማስረጃ ከመጣ ይጠበቃል፣ ካልመጣ ለጠጠር ይሰጣል። በአሳብ ደረጃ ፍትሐዊ ነበር። አንድ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪ አንድ ናሙና በነፃ ውጭ አገር ልኮ እንደሚያስመረምርልን ቃል ገባ። አንድ ናሙና። ኮረብታው በአንድ ከሰል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

መቆፈር ያለብን የአያ ፈንታን ገብስ ማሳ ነበር። አያ ፈንታ የአዊ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር በአዊኛ፣ ከኔ ጋር ባማርኛ ያወራሉ፤ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። ያኔም ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ኮረብታው ለጠጠር ቢሄድ ማሳቸው አብሮ ይሄዳልና ለመቆፈሩ እሺ አሉ። ቦታውን ስንመርጥ ግን ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አዩንና ወደ ሾላው በኩል ብትሄዱ አይሻልም ወይ አሉ። ለምን ስላቸው፣ እዚያ ጥላ አለ አሉኝ። ለሠራተኞቹ ያዘኑ መሰለኝ።

ቁፋሮው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ መንግሥቴ ታመው ባሕር ዳር ሆስፒታል ገቡ። ሥራው በኔ እጅ ወደቀ። ደግሞ በዚያው ሳምንት ኃላፊያችን ደወለና ከላይ የመጡ እንግዶች ሐሙስ ቁፋሮውን ይጎበኛሉ፣ አንድ የሚታይ ነገር ይኑር አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ከሰው ቁመት በላይ ወርደን ሳለ ከሰል አገኘን። ዝም ብሎ ከሰል አይደለም፤ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ጥቁር፣ ንጹህ፣ ከሥሩ ያለው አፈር በእሳት የቀላ። ያን ያህል ጥልቀት ላይ!

ግድግዳው ደረቅ ነበር። አህዮቹ ገና ወንዝ ነበሩ። የእንግዶቹ መኪና አቧራ በሜዳው ላይ ይታያል። ውሃው እስኪመጣና እስኪደርቅ ብጠብቅ ከሰዓት ይሆናል። አልጠበቅኩም። ከሰሉን እንደ ተማርኩት በማንኪያ ጫፍ አንሥቼ ጠቀለልኩ፣ በእርሳስ ጻፍኩ፣ ለእንግዶቹ አሳየሁ፣ ፎቶ ተነሣን።

ከእንግዶቹ ኋላ አያ ፈንታ ቆመው ነበር። ወደ ጉድጓዱ ዝቅ ብለው ያን ጥቁር አፈር ለረጅም ጊዜ አዩ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ምን ሆኑ አንቱ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰዉን ገልመጥ አድርገው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኔ ብቻ እንዲህ አሉኝ፤

«ክፉ ቀንን የቀበርነው እዚህ ነው ልጄ። አትቀስቅሱት።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ ቃል በቃል ጻፍኩት። ሪፖርቱ ላይም አስገባሁት፤ ከተማው በጦርነት ወይም በቸነፈር ተቃጥሎ እንደጠፋ በአካባቢው አፈ ታሪክ ይነገራል፣ የተገኘው የቃጠሎ ንብርብርም ይህንኑ ያጠናክራል ብዬ። ጥሩ አረፍተ ነገር ነበር። ኃላፊያችን ሲያነበው ከንፈሩን መጠጠ።

ውጤቱ ሲመጣ ዘጠኝ ወር አልፎ ነበር። ተመራማሪው በስልክ ሊነግረኝ አፍሮ ደብዳቤ ላከልኝ። ከሰሉ የመቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ የለውም ይላል። እንጨቱ የተቆረጠው በአያቶቻችን ሳይሆን በአባቶቻችን ዘመን ነው። ስብሰባ ላይ ደብዳቤው ሲነበብ አንዱ ሳቀ። ትናንት ሦስት ሺህ ካላልክ ብሎ አንገቴን ያነቀኝ ኃላፊ ዛሬ «ስንት ጊዜያችንን በላህ» አለኝ። ኮረብታው ለጠጠር ተሰጠ።

ዱርቤቴ ወረድኩ። ጋሽ መንግሥቴ ከሆስፒታል ወጥተው አልጋ ላይ ነበሩ፤ እጃቸው ቀጥኖ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥልቀቱን፣ የከሰሉን ውፍረት፣ የቀላውን አፈር። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ግድግዳውን አረጠብከው?»

አላረጠብኩም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፣ አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። የጤፍ ዋጋ ፍኖተ ሰላም ላይ እንዴት ነው ብለው ወሬ ለወጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ነው የቆዩት። ቀብራቸው ላይ አፈሩ ሲመለስ ቆሜ ሳይ፣ አፈሩ የተቆፈረበት ጠርዝ በዝናቡ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። በራሴ ላይ እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም።

ወደ አያ ፈንታ የሄድኩት ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነው። እሳቸው ያሉኝን ጽፌ፣ እሳቸውን አምኜ፣ ሰው መሳቂያ ሆንኩ። አጥራቸው ሥር ተቀምጠው መጫኛ ሲገምዱ አገኘኋቸው። ውጤቱን ነገርኳቸውና፣ ታዲያ ያ ሁሉ የክፉ ቀን ወሬ ምንድን ነው አንቱ፣ አልኳቸው። መጫኛውን አስቀመጡ።

«የእህል ጉድጓድ ነዋ» አሉ። «የአባቴ።»

አልገባኝም። ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ ነገሩኝ። እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ክፉ ዘመን ይመጣል ተብሎ ሲወራ አባታቸው ማሳው መሐል በጨረቃ ጉድጓድ ቆፈሩ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ። እህል ከመግባቱ በፊት ውስጡ ሦስት ቀን እሳት ይነድበታል፤ ግድግዳው ደርቆ እንዲጠነክር፣ ምስጥም እንዳይደፍረው። ከዚያ በጭድና በእበት ይለሰናል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ በድንጋይ ይገጠማል፣ አፈር ይመለስበትና ይታረስበታል። ቦታውን ከአባትና ከልጅ በቀር ማንም አያውቅም፤ ለምራት እንኳ አይነገርም። ክፉው ቀን መጣ፤ ጎረቤት ሲሰደድ እነሱ ሌሊት ሌሊት እያወጡ በሉ። በኋላ ጉድጓዱ ተናደ፣ ተሞላ፣ ተረሳ።

«እንጨቱን ከላይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ያን ከሰል ያከሰልኩት እኔ ነኝ ልጄ።»

ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩ ማለት ይቻላል። አያ ፈንታ ተገርመው አዩኝ።

«ለመንግሥት ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሠራተኛና ባለ መኪና ፊት፣ ጉድጓድ ይነገራል ወይ? ወደ ሾላው ሂዱ አልኩህ፤ አልሰማህም። ክፉ ቀንን የቀበርነው እዚህ ነው አልኩህ፤ የቋሪት ልጅ ነው፣ ይገባዋል ብዬ። ሰሙን ብቻ ይዘህ ሄድክ።»

እውነታቸውን ነው። የቋሪት ልጅ ነኝ። «ለክፉ ቀን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም፤ እናቴ ቋንጣ ስትሰቅል፣ አባቴ ገብስ ጎተራ ሲያስቀር፣ ለክፉ ቀን ነው ይሉ ነበር። «ቀበርነው» ብለውኛል፤ ቀበሩት አላሉም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የሰማሁት ጦርነትና ቸነፈር ነው። ለምን? ሪፖርቴ ያን ይፈልግ ስለነበረ። ስንት ዓመቱ ነው እያሉ ሲያበግኑኝ የኖሩትን ኃላፊዎች ስሰድብ ኖሬ ለካ ጥያቄያቸው በጆሮዬ ገብቶ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳስበው አሁንም ይበግነኛል። በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀላል ነገር ነበር፤ ዕድሜው የታወቀው የጉድጓዱ እንጂ የኮረብታው አይደለም። ጉድጓድ የሚቆፈረው ቀድሞ የነበረ አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተማው ከጉድጓዱ በፊት ነው፤ በስንት በፊት እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። ጋሽ መንግሥቴ ይህን በሁለት ቃል ይሉት ነበር። እኔ በሦስት ገጽ ጻፍኩት፣ ምናልባት ጥፋቱ እሱ ነው። መልሱ ባንድ መስመር መጣ፤ ቤተ ሙከራው ተሳሳተ ልትለን ነው ወይ? አልተሳሳተም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። እንግዲያው ተሳስተሃል፣ በቃ፣ ተባልኩ። እውነትም ክርክር ማለት ይህ ነው! ጥፋቴን ባመንኩ ቁጥር ኮረብታው ላይ ይፈረዳል።

ማሽኑ ሥራ በጀመረ በአሥረኛው ቀን ሄድኩ። ኮረብታው በግማሽ ተቆርጦ ቆሟል። ቀጥ ያለ፣ ከሦስት ሰው ቁመት በላይ የሚሆን ግድግዳ፤ ጋሽ መንግሥቴ ዕድሜ ልካቸውን አካፋ ይዘው ያላገኙትን ዓይነት። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ሁለቱንም አደረግኩ። ሾፌሩን ምሳህን እስክትበላ ብዬ ለመንኩት፤ ደግ ሰው ነበር፣ የራሱን የውሃ ጀሪካን ሰጠኝ። ከፍርስራሹ ላይ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ደፋሁትና ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ጠበቅኩ።

ሲደርቅ ሁሉም ወጣ። ወለል፣ አመድ፣ ወለል፣ የወደቀ ግንብ፣ ደግሞ ወለል፤ ሰባት ቆጥሬ እንባዬ ከለከለኝ። የአንድ ክረምት ድንኳን ሰባት ወለል የለውም። ከተማ ነበር። መሐሉ ላይ የአያ ፈንታ አባት ጉድጓድ እንደ እንስራ ሆኖ፣ አፉ ጠቦ ሆዱ ሰፍቶ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ታየ፤ እኔ ያኔ የቆፈርኩት በሆዱ መሐል ነበር። ከጠርዙ ሁለት ክንድ ወደ ግራ፣ ከመጨረሻው ወለል በታች፣ ሦስት ጉልቻ ከነከሰሉ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። በማንኪያ ጫፍ አንሥቼ ጠቀለልኩ። ሾፌሩ ምሳውን ጨርሶ ከታች ሲጠብቀኝ ቆየ፤ ስወርድ ይቅርታ ጋሼ፣ ታዝዤ ነው አለኝ። ባዶ ጀሪካኑን መለስኩለት።

ያ ከሰል ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። ነፃ የሚያስመረምርልኝ አጣሁ፤ አንዴ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ተመራማሪው ሊመጣ አልቻለም። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትል ማቀጣጠያ መሰላት፤ ለትንሽ ተረፈ። የተላከው ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። ውጤቱ በመጋቢት መጣ፤ ምድጃው ከሺህ ዓመት በእጅጉ ይበልጣል፤ ድንኳን ይዘው ይዞሩ ከነበሩት ነገሥታት ሁሉ በፊት ነው። ሰው እዚያ ቤት ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ኖሯል።

መሥሪያ ቤቴ ተደሰተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሺህ ይበልጣል የሚለው በሳምንቱ ሁለት ሺህ ሆነ፣ በወሩ ሦስት ሺህ ሆነ። በራሪ ወረቀት ታተመ፤ ኮረብታው ስለሌለ ሽፋኑ ላይ ፈረስ ቤት አካባቢ ያለ ሌላ ኮረብታ አወጡ። የቅርስ መመዝገቢያ ቅጹን እኔ እንድሞላ ተሰጠኝ። የዕድሜ ዓምድ ላይ ጋሽ መንግሥቴ እንዳስተማሩኝ ምን ከምን በፊት እንደሆነ ጻፍኩ። «ቅርሱ አሁን ያለበት ሁኔታ» የሚል ዓምድ ደግሞ አለ፤ ምርጫዎቹ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ የተጎዳ ናቸው። ሌላ ሳጥን የለውም። ባዶ ትቼ አስረከብኩ፤ አንድ ሰው ከኋላዬ «መካከለኛ» ላይ ምልክት አደረገበት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ለአያ ፈንታ ልነግራቸው ሄድኩ። በበራሪ ወረቀት ወይም በሬዲዮ እንዲሰሙት አልፈለግኩም። አርጅተዋል፤ ግን ዱላቸውን ይዘው ወደ ማሳቸው እንውጣ አሉኝ። ማሳ አልኩ እንጂ ማሳ የለም። «ከተማው» የነበረበት ቦታ ሰፊ ጉድጓድ ሆኖ የክረምቱን ውሃ ይዟል፤ ከብቶች ዳር ዳሩን ይጠጣሉ። ዳሩ ላይ ቆመን ውጤቱን ነገርኳቸው። ምድጃው ስንት ትውልድ እንደሚቀድማቸው በጣቴ ልቆጥርላቸው ሞከርኩ። ጥፋቴንም ነገርኳቸው፤ ያን ቀን ብሰማዎት፣ ያን ቀን ውሃውን ብጠብቅ፣ ይህ ኮረብታ ዛሬ ይቆም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«የት ላይ ነበር ምድጃው?» አሉኝ።

ላሳያቸው ዞርኩ። ወደ ውሃው አየሁ፣ ወደ ሾላው አየሁ፤ ሾላውም የለም። ችካል የተከልኩበት፣ በሜትር የለካሁት፣ በወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ቦታ ነው፤ እጄን አንሥቼ የማሳርፍበት አጣሁ።

አያ ፈንታ ትንሽ ጠበቁኝና ዱላቸውን አነሡ። ወደ ታች፣ ወደ ውሃው የሚጠቁሙ መስሎኝ ነበር። ዱላው ግን ከራሳችን በላይ፣ ኮረብታው ቆሞ ወደነበረበት ባዶ አየር ወጣ። ትንሽ ወደ ቀኝ አስተካከሉት።

«የአባቴ ጉድጓድ እዚያ ነው» አሉኝ። «ያንተ ምድጃ ከሱ ወደ ግራ፣ ዝቅ ብሎ።»

ሁለታችንም ቀና ብለን አየን።